መስመሩ ላይ አንድ ሰው ይበዛል

ሲራጁዲን ማታ ማታ ዳላስ አጠገብ ኧርቪንግ ውስጥ የሆቴል ቫን ይነዳ ነበር፤ ቀን ይተኛል። ማክሰኞና ረቡዕ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። አውሮፓ ላይ የማታው ኳስ ሲጀመር ዳላስ ገና ምሳውን በልቶ አልጨረሰም። በዚያ ሰዓት ፊቱን ታጥቦ፣ ሶፋው ላይ እግሩን አጣጥፎ፣ የስልኩን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል። ከዚያ ጨዋታውን ካንድ እስከ ዘጠና በአማርኛ ያስተላልፋል። ለማን ብትል፣ መሪ ጨብጠው ኳስ ማየት ለማይችሉት የታክሲ ሾፌሮች።

ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ የሚገባበት ነጻ የስልክ መስመር አለ። ቁጥሩን ትደውላለህ፣ ኮድ ትመታለህ፣ ሃያም ሆናችሁ ሠላሳ አብራችሁ ትሰማላችሁ። ሌላው ጸሎት ያደርግበታል፣ የዕቁብ ስብሰባ ይጠራበታል፤ ሲራጅ ኳስ አስገባበት። ድምፅስ ነበረው! የደሴ ልጅ አይደል፣ ቃል ያጣጥማል። ኳሷ ወጣች ብሎ ዝም አይልም። ማን አስወጣት፣ ያስወጣት ሰውዬ ከየት አገር መጣ፣ በስንት ሚሊዮን ተገዛ፣ ሁሉንም ይነግርሃል። ቁጥሩ ከዳላስ ሲያትል፣ ከሲያትል ለንደን ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

አንድ ደንብ ነበራቸው። የገባ ሰው ስሙን ይናገራል፦ «መኳንንት ነኝ፣ ገባሁ»፤ ከዚያ ድምፁ እንዳይሰማ ስልኩን ሚውት ያደርጋል። ስም ሳይናገሩ መግባት ሳያንኳኩ ሰው ቤት እንደመግባት ነው ይላሉ። ሲራጅ ራሱን ጨምሮ የገባውን በመቁጠሪያው ፍሬ ይቆጥራል። ሁሉም ገብቶ ሲያበቃ አንዲት የተቀዳች ሴት በእንግሊዝኛ ስንት ሰው እንዳለ ትናገራለች። ሾፌሮቹ ብርቅነሽ ብለው ስም አውጥተውላታል።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሲራጅ አስራ ስምንት ሲቆጥር ብርቅነሽ አስራ ዘጠኝ ትላለች። ሃያ ሁለት ሲቆጥር ሃያ ሦስት። ሁልጊዜ አንድ ይበዛል። መጀመሪያ መቁጠሪያው ከእጁ ያመለጠ መሰለው። ደግሞ ቆጠረ፤ ያው ነው። «ማነው ስሙን ያልተናገረ?» ይላል። ቆይቶ ለመደውና መጠየቅ ተወ።

ከመኳንንት ጋር ግን ሳይጨቃጨቁ ኳስ አይጀመርም። መኳንንት የጎንደር ሰው ነው፣ የአርሰናል ደጋፊ፣ አፉ የማያርፍ ባለታክሲ።

«ልጅ አሳድጎ ማሸነፍ ነው እንጂ ወንድነቱ!» ይላል።

«አሳድግ፣ አሳድግ፤ ያደገልህን ሌላው መጥቶ ይገዛዋል» ይለዋል ሲራጅ። «ኳስ ሜዳ ላይ አያልቅም ወዳጄ፤ ገበያ ላይ ነው የሚያልቀው። ሩሲያው መጣ፣ የነዳጁ ጌታ መጣ። እስኪ ተመልከት፣ ከአራቱ ግማሽ ፍጻሜ ገቢዎች ሦስቱ የእንግሊዝ። እንግሊዛዊውን ግን ሜዳው ላይ በባትሪ ነው የምትፈልገው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።»

ሾፌሮቹ ይስቃሉ። ሲራጅ ሲስቅ ግን ሆዱ አይስቅም። ስለ ገበያው ይህን ያህል የሚያውቀው ከዚያ ገበያ ወንድሙን ያጣ ሰው በመሆኑ ነው።

ኑዕማን ይባላል፣ ታናሹ። የደሴው ሆጤ ሜዳ ሲያፏጭለት ያደገ ግራኝ። አስራ ስድስት ዓመቱ ላይ አንድ ኤጀንት ነኝ ባይ ከረባቱን አስሮ ደሴ መጣና «ይሄ ልጅ እንግሊዝ አገር ሙከራ ይገባል፣ ከተያዘ ሚሊዮን ነው» አለ። እናቱ ሱቋን ሸጠች። ሲራጅ ከዳላስ የሁለት ዓመት ጥሪቱን ላከ። ልጁ ሄደ፤ አንዴ ደውሎ «ሙከራው ደህና ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ዝም። የኤጀንቱ ስልክ አይሠራም፤ ሰውዬው ጢስ ሆኖ ጠፋ። ይኸው አምስት ዓመት።

እናቱ ደሴ ሆና አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ትደውላለች። ሰላምታ ሳትጨርስ «ልጄን አየኸው?» ትላለች።

«አየሁት እማ። በዚህ ሳምንትም ተቀያሪ ነው፣ አልገባም።»

ምን ይበል? አንዴ ውሸቱ ከአፉ ወጣ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ይቀልበው ጀመር። እንዲያውም ማስተላለፍ የጀመረው ለዚህ ነው፤ እየፈለገው ኳስ ማየቱ ካልቀረ ለሰውም ይናገር ብሎ። ካሜራው ተቀያሪዎች ወንበር ላይ ሲደርስ ሲራጅ ዝም ይላል። አራት ሴኮንድ፣ አምስት ሴኮንድ። ሾፌሮቹ መስመሩ የተበላሸ ይመስላቸዋል። እሱ ፊቶቹን እየቆጠረ ነው።

በፈረንጆቹ 2009 ጸደይ፣ የሩብ ፍጻሜ ዕለት ነው። ጨዋታው አንድ የእንግሊዝ ቡድን ሜዳ ላይ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ደጋፊዎቹ ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። ሲራጅ «ኳሷ መሀል ሜዳ ላይ ናት፣ ብራዚላዊው ይዟታል፣ አይቸኩልም…» እያለ ሳለ አንድ ዝግ ያለ ድምፅ መስመሩ ላይ፣

«ገባ» አለ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ኳሷ አሁንም መሀል ሜዳ ናት። ብራዚላዊው ወደ ቀኝ ሰጠ። የቀኙ አሻማ። አንዱ ዘለለ። ገባ።

ጎል ብሎ የጮኸ ሰው የለም። «ማነው ያ?» አለ መኳንንት። «ስምህን ተናገር እንጂ!» ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ከትንፋሹ ኋላ ደግሞ ክረምት ላይ የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ከሩቅ እንደሚሰማው ያለ ጉምጉምታ።

ከእረፍት በኋላ ያው ድምፅ «ሳተው» አለ። ማን? ምኑን? ኳሷ ገና ሳጥን ውስጥ እንኳ አልገባችም። ወዲያው አጥቂው ለብቻው ተገኘ፣ መታ፣ ሰማይ ሰደዳት።

መኳንንት መሪ እንደያዘ በስመ አብ ብሎ ሲያማትብ ከሀይዌዩ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። አንዱ የወሎ ልጅ «ጂኒ ነው ወላሂ፣ ጂኒ ገብቶብናል» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ማታውን መኳንንት ሲራጅን ኮል አደረገው።

«ስማኝ፣ ኮዱን ቼንጅ ታደርጋለህ አታደርግም? ማለቴ፣ ልጆቹ ፈርተዋል። እኔም ብሆን ገና ያልሆነውን ከሚያይ ፍጡር ጋር ኳስ አልሰማም!»

ሲራጅ ራሱስ መች ደፍሮ? ከቁርኣን አያተል ኩርሲን አንብቦ ነው የተኛው። በማግስቱ አዲስ ኮድ አወጣ፤ ለሚያውቃቸው ብቻ በየስማቸው ሰጠ። አሮጌውን የዘጋው የለም፤ ባዶውን ቀረ።

በሳምንቱ አስራ ሰባት ቆጠረ። ብርቅነሽም አስራ ሰባት አለች። ሾፌሮቹ ተመስገን አሉ። ሲራጅን ግን ቅር አለው፤ ጨዋታውን ሲያስተላልፍ ከማዕድ ሰው እንደጎደለ ነገር ሆነበት፣ ለምን እንደሆነ አልገባውም።

ሚስቱ ራዚያ ኤርፖርት ወጥ ቤት ነው የምትሠራው። አንድ ማክሰኞ እረፍት ወጥታ አጠገቡ ልብስ ታጥፋለች። ድንገት ከታችኛው ቤት ሜክሲኮዎቹ ጎረቤቶቻቸው «ጎ-ኦ-ኦል!» ብለው ቤቱን አናጉት። የሲራጅ ቴሌቪዥን ላይ ኳሷ ገና ከግብ ጠባቂው እጅ አልወጣችም። ቆይቶ ጎሉ መጣ።

ራዚያ ሳቀች። «ያ ጂኒህ ታች ቤትም ገባ እንዴ? ሁልጊዜ እኮ ይቀድሙናል። እነሱ ኬብል ነው ያላቸው፤ የኛ ዲሽ ሰማይ ደርሶ እስኪመለስ ይቆያል።»

ሲራጅ ወደሷ ዞረ። «ከኬብልም የሚቀድመውስ?»

«እዚያው ሜዳው ላይ ያለ ሰው ነዋ! ምን ይላል ይሄ ሰው?»

መቁጠሪያው ከእጁ ወደቀ። ያ ድምፅ ከአፉ ቃል የወጣው በዚያ አንድ ሜዳ ጨዋታ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ዝም ብሎ ይሰማል። አማርኛ የሚናገር፣ ስታዲየም ውስጥ የቆመ፣ ስሙን መናገር የማይፈልግ ሰው። ስሙን የሚደብቀውስ ከማን ነው? ያ ረቢ! በገዛ እጁ በሩን ዘግቶበታል።

በዚያ ሜዳ የሚቀጥለው ጨዋታ ስምንት ቀን ይቀረው ነበር። ሲራጅ ስምንቱን ቀን በየከሰዓቱ በአሮጌው ኮድ ይገባል። ብርቅነሽ አንተ ብቻ ነህ ትለዋለች። እህል አልበላ አለው።

የግማሽ ፍጻሜው ዕለት ሾፌሮቹ በአዲሱ ኮድ ገብተው ጠበቁት። መኳንንት ደጋግሞ ደወለለት፤ ሲራጅ አላነሳም። አሮጌውን ኮድ መታ። ብርቅነሽ በዚያ በድን ድምጿ፣ መስመሩ ላይ ካንተ ሌላ አንድ ሰው አለ አለችው።

ያ ትንፋሽ። ከኋላው ያ ጉምጉምታ።

አምስት ዓመት ያጠራቀመው ነገር ሁሉ ጠፋበት። ደንቡን ብቻ አደረሰ። «ሲራጁዲን ነኝ፣ ገባሁ።»



«ኑዕማን ነኝ» አለ ድምፁ። ገባሁ አላለም።

«አለህ? ያ አላህ! በሕይወት አለህ?»

«አለሁ። አትጩህብኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ምን ሥራ?»

«ከወንበር ሥር እጠርጋለሁ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሙከራው ሁለተኛ ሳምንት ላይ ጉልበቴ ተሰበረ። ሰውዬው ፓስፖርቴን እንደያዘ ጠፋ። እኔን ብቻ መሰለህ? ከየአገሩ ነው ያመጣን። አየህ ሲራጅዬ፣ ሜዳው ላይ ያሉት ከየአገሩ የመጡ ናቸው፣ ከወንበሩ ሥር ያለነውም ከየአገሩ ነን። እነሱ ዋጋ ወጣላቸው፣ እኛ አልወጣልንም።»

«ለምን አልደወልክም? ለምን?»

«ምን ብዬ? የእማን ሱቅ በላሁት ብዬ?» አለ። «አንድ የአበሻ ሱቅ ውስጥ ኳስ በአማርኛ የሚያስተላልፍ አለ ብለው ቁጥር ሰጡኝ። ደወልኩ፤ አንተ ነህ። ሁለት ዓመት ሰማሁህ። ያን ቀን አምልጦኝ ነው የተናገርኩት። ባዶውን ሳገኘው አውቆ ዘጋብኝ አልኩ፤ ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር ብዬ ነው።» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ካሜራው ተቀያሪዎቹ ጋ ሲደርስ ዝም ትላለህ። እኔን እየፈለግክ ነው?»

ሲራጅ አለቀሰ።

«እማ ምን ታውቃለች?»

«ተቀያሪ ነህ ብያታለሁ።»

«አምስት ዓመት ሙሉ?»

«አምስት ዓመት ሙሉ።»

ከወዲያ ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ነገር ተሰማ። «በል እንግዲህ» አለ ኑዕማን፣ «ዛሬ አስገባኝ።»

ሲራጅ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሱን ፊት እያየ ጀመረ። «ተቀያሪ ገብቷል ወገኖቼ! ኑዕማን ነው፣ የሆጤው ግራኝ። ማንም ያልገዛው፣ ማንም የማይሸጠው። ኳሷን ተቀበለ። አንዱን አለፈ። ብራዚላዊው ቢይዘውስ? አልያዘውም! ፈረንሳዊውን አለፈ። ሳጥን ውስጥ ነው፣ በግራው አዘጋጃት፣ መታት…»

ያን ጊዜ ከስልኩ ውስጥ ሠላሳ አርባ ሺህ ሰው ባንድ ጊዜ ጮኸ።

ማን እንዳገባ ሲራጅ አላወቀም፤ ማወቅም አልፈለገ። ጩኸቱ ጆሮውን ሞላው። በጩኸቱ መሀል ወንድሙ ሲንሰቀሰቅ ይሰማዋል። «ማክሰኞ እገባለሁ» አለ ኑዕማን። «ስለ መጥረጊያው ግን ለእማ እንዳትነግራት።» የስልክ ካርዱ አለቀና መስመሩ ተቆረጠ። ብርቅነሽ አንተ ብቻ ነህ አለች።

አርብ እናቱ ደወለች። ሰላምታ ሳትጨርስ፣ «ልጄን አየኸው?»

ሲራጅ ያ የለመደው ቃል ምላሱ ላይ መጣ። ዋጠው።

«አላየሁትም እማ» አለ። «ሰማሁት።»

የደሴ አዛን በስልኩ ውስጥ ሲያልፍ ተሰማ። «አልሐምዱሊላህ» አለች እናቱ። «ተቀያሪ ነው ስትለኝ እኮ አንድም ቀን አምኜህ አላውቅም። አንተ እንዳይከፋህ ብዬ ነው የምጠይቅህ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ንገረኝ እስኪ፣ ድምፁ ጎርንኗል?»