ሰንጋው ከፊት፣ መኪናዬ ከኋላ

ትንሿ የጭነት መኪናዬ ዳገት ላይ ማቃሰት ስትጀምር መካኒኩ ጥፋተኛውን ወዲያው አገኘው። ከሚወጣው ጭስ ጥቂቱን ወደ ሞተር መልሶ የሚያስገባው፣ እነሱ ኢጂአር የሚሉት ዕቃ በጥላሸት ተደፍኗል። ይጠረግ ስለው ሳቀብኝ። ሶዶ ውስጥ ማን ያስጠርጋል፣ ሁሉም ያስነቅላል አለኝ። ነቀለና ቀዳዳውን በብረት ደፈነው።

መኪናዋ በረረች። ብቻ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በርታ አልጠፋ አለች። መካኒኩ ጥቁር ፕላስተር ለጠፈባት። «ጋሼ፣ ካላዩዋት አታሳስብዎትም» አለኝ። እኔም በሱቄ ከገመድ እስከ ጫማ የምሸጥ፣ ጠባቡን ጫማ «ሲደረግ ይሰፋል» የምል ሰው ነኝና ክርክር አላበዛሁም።

የዘመን መለወጫችን የጊፋታ ዋዜማ የቅርጫ ማኅበራችንን ሰንጋ ከበሌ ገበያ የማመጣው እኔ ነበርኩ። ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምንበት ሰንጋ ነው፤ በማግስቱ ካልታረደ በዓሉ በጎመን ሊያልፍ ነው። ሰብሳቢያችን፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ሶዶ ሊገባ ጥቂት ሲቀር፣ ዳገቱ ላይ፣ መኪናዋን ጉልበቷ ድንገት ከዳት። ኮምፒውተሯ የተነቀለውን ዕቃ ሲፈልግ ከርሞ ሞተሩን አፍኖት ኖሯል። መምህሩ ፕላስተሩን ላጥ አድርገው መብራቷን አዩ።

«አንተ፣ ከሰንጋው ይልቅ ይቺ ትታረድ። የደከመችው እሷ ነች።»

ሰንጋውን አወረድነው። ሸክሙ ሲቀልላት መዳህ ጀመረች። ከተማ ስንገባ መምህሩ ሰንጋውን እየሳቡ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ማን ማንን እየጎተተ ነው የሚል አልጠፋም። አንገቴን አልደፋሁም፤ እንደ ሰርግ አጃቢ ክላክሴን እየነፋሁ ገባሁ።

ከበዓሉ በኋላ ዕቃው ይመለስልኝ ብል የጋራዡ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳቀ። የሚያስነቅል እንጂ የሚያስመልስ አይተው አያውቁም። «እንግዲያው እዩኝ» አልኳቸው። ከጋራዡ የቁራሌ ክምር ፈልጌ አወጣሁት፣ በቤንዚን አሳጠብኩት፣ አስገጠምኩት። ቢጫዋ ጠፋች። ፕላስተር አላስፈለጋትም።

ዘንድሮ ማኅበሩ ሌላ መኪና ልንከራይ ነው አለ። ሰንጋው በእኔ መኪና ካልመጣ ድርሻዬን ከነነፍሱ ስጡኝ አልኩ። መምህሩ ተስማሙ፤ ግን ለማንኛውም ብለው የመኪና መጎተቻ ገመድ ገዙ፤ ያውም ከእኔው ሱቅ።

መኪናዬ ሰንጋውን ጭና ያንን ዳገት ሳታቃስት ወጣችው። ገመዱ ከነጥቅሉ ሶዶ ደረሰ። መምህሩ ያላገለገለ ገመድ ነው ተቀበለኝ ቢሉ፣ ሱቄ በር ላይ የተለጠፈውን አነበብኩላቸው፦

«መምህር፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»