ሸሪፍ ወፍ ሲጠብቅ

ከሸዋ ሮቢት ከተማ በባጃጅ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ በእግር ሌላ ሩብ ሰዓት ሲሄዱ ከማሽላው መሃል በአራት የግራር ምሰሶ ላይ የቆመ ማማ ይታያል። የሸሪፍ ማማ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ማሽላው እሸት ሲይዝ የቀወት ቆላ ገበሬ ሁሉ ማማ ይወጣል፤ ወንጭፉን ይዞ፣ ጠጠሩን አከማችቶ፣ «ሃይ! ሃይ!» እያለ ወፍ ያባርራል። ሸሪፍም ይወጣል። ሌላው ገበሬ ግን ወደ ታች ወደ ማሽላው ሲያይ ሸሪፍ ወደ ላይ ነው የሚያየው።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ልጁ ናጅዋ ለሥራ ወደ ሻርጃ ስትሄድ አሮጌ ስልኳን ትታለት፣ አውሮፕላኖች ካርታ ላይ እንደ ቢጫ ፌንጣ ሲሄዱ የሚያሳይ አፕ ጫነችለትና «አባ፣ ይቺን ተከተላት፤ እኔ እዚህች ውስጥ ነኝ» አለችው። ቤት ውስጥ ኔትዎርክ የለም። ግቢ ውስጥም የለም። ያለው ማማው ላይ ብቻ ነው። ሸሪፍ ወጣ። ቢጫዋ ፌንጣ ከአዲስ አበባ ተነሥታ፣ ደብረ ብርሃንን በጎን ትታ፣ የጣርማ በርን ገደል ተሻግራ በቀጥታ ወደ እሱ መጣች። ቀና ሲል እውነትም ሰማዩ ላይ ነጭ መስመር እየጎተተች ደርሳለች። ጥምጥሙን ፈትቶ እያውለበለበ «ናጅዋ! ናጅዋ!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤቱ ጋሽ ተክሌ እባብ የነደፈው መስሏቸው ዱላ ይዘው ሮጡ። ናጅዋ ከሻርጃ ስትደውል መቀመጫዋ መሃል ላይ እንደነበረ፣ ገና ከመነሣታቸውም እንቅልፍ እንደወሰዳት ነገረችው። ሸሪፍ አልከፋውም። ልቡ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰማይ አልወረደም።

ባንድ ዓመት ውስጥ አዋቂ ሆነ። «ይቺ እንደ ወፍጮ የምታጉረመርመው ወደ ሰመራ ናት፤ ያቺ ሐር እንደሚቀደድ ሽው የምትለው ወደ ዱባይ» እያለ ሳያይ በድምፅ ይለያል። በናጅዋ የትምህርት ቤት ደብተር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዓይነቷንና መድረሻዋን ይጽፋል። በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ታርጋዋን ያሰፍራል። አፑ የእያንዳንዷን መለያ ፊደል ያወጣል፤ ሸሪፍ ግን «ታርጋ» ነው የሚለው። ገበያ ላይ «ሸሪፍ፣ ማሽላው እንዴት ይዞሃል?» ሲሉት «አልሐምዱሊላህ፣ ትናንት አይቻት የማላውቅ ባለ አራት ሞተር አለፈች» ብሎ ይመልሳል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ለሚስቱ ለሙሀባ «ካራቆሬ የማሾ ዘር አይቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ሚኒባሱ ካራቆሬ ሲቆም አልወረደም፤ ኮምቦልቻ ድረስ ሄደ። አውሮፕላን መሬት ነክታ ማየት ፈልጎ ነው። ኤርፖርቱ አጥር ዳር ብዙ ከቆመ በኋላ ጥበቃው መጣ።

«አባት፣ ማንን ሊቀበሉ ነው?»

«እሷን» አለ ሸሪፍ፣ እያረፈች ወዳለችው አውሮፕላን በአገጩ እየጠቆመ።

«ከውስጧስ ማንን?»

«ኧረ ከውስጧ ማንንም አላውቅ።»

ጥበቃው ከራስ እስከ እግሩ አየው። እንዲህ ያለ እንግዳ ምን እንደሚደረግ የነገረው ሰው አልነበረምና «እንግዲያው ጥላው ሥር ይቀመጡ» ብሎት ሄደ። ሸሪፍ ማታ ቤቱ ገብቶ ለሙሀባ «የሚወደድ ዘር አላየሁም» አላት። ይህ እንኳ እውነት ነበር።

ዘንድሮ በኅዳር ግሪሳ መጣ። ግሪሳ ከድንቢጥ የማይበልጥ ወፍ ነው፤ ግን ብቻውን አይመጣም። እንደ ደመና መጥቶ ማሳውን ያለብሰዋል፤ ሲነሣ የሚቀረው አገዳ ብቻ ነው። የመጣው ማክሰኞ ነበር፣ ሸሪፍም ማማው ላይ ነበር። ደብተሩ ይመሰክራል፤ «ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ከሃያ፣ ትልቅ፣ ሆደ ሰፊ፣ ወደ ሙምባይ» ይላል። ስለ ወፍ አንድም ቃል የለበትም።

ጋሽ ተክሌ ከአጠገቡ ካለው ማሳቸው ወንጭፋቸውን እያስጮሁ ተጣሩ። «ሸሪፍ! ኧረ ሸሪፍ! አረፈብህ! አረፈብህ እኮ!»

«የት አረፈች?» ብሎ ሸሪፍ ዘሎ ተነሣ።

ወፎቹ የማሳውን የምሥራቅ ጎን በዚያው ረፋድ ጨረሱት። ሙሀባ ምሳውን ይዛ ስትመጣ ራስ ራሱን የተበላ አገዳ ተሰልፎ ጠበቃት። ምሳውን መሬት አስቀመጠችና ወገቧን ይዛ ወደ ማማው አንጋጠጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ እነዚያ የላይኞቹ ምን ጎደለባቸው? አላህ ይጠብቃቸዋል፣ አብራሪም አላቸው። ማሽላው ያለው አንተን ብቻ ነው!»

«ወላሂ ለአንድ ደቂቃ ነው ቀና ያልኩት።»

«ለሦስት ዓመት ነው ቀና ያልከው!»

ሸሪፍ ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ቆልፎ ወንጭፍ ሲወረውር ዋለ፤ ትከሻው አበጠ። ግሪሳው ግን አንዱን ሲያባርሩት ሺው ይመጣል።

አርብ ዕለት ከወረዳው ግብርና መቅደስ የምትባል የሰብል ጥበቃ ባለሙያ በሞተር ሳይክል መጣች። ገበሬውን ዋርካ ሥር ሰበሰበችና መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመጣ ተናገረች። «የሚረጨው ማሳ ላይ አይደለም» አለች። «ወፎቹ ተሰብስበው የሚያድሩበት ቦታ ላይ ነው። ማደሪያቸውን አስቀድመን ማግኘት አለብን። የሚያውቅ አለ?»

ሸሪፍ ከዚህ ሁሉ የሰማው አንዲት ቃል ናት። ብድግ አለ።

«ባለ ስንት ሞተር ናት?»

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«የምትመጣዋ አውሮፕላን።»

«እሱን እንኳ አላውቅም። የወፎቹን ማደሪያ ያውቁታል?»

«አውቃለሁ» አለ ሸሪፍ።

ጋሽ ተክሌን ሳል ያዛቸው። መቅደስ ግን ሰውየው ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ እንደሚውል ስትሰማ ደስ አላት። «በጣም ጥሩ! እንግዲያው መሪያችን እርስዎ ነዎት። አውሮፕላኑ ሲመጣም ከቡድኑ ጋር አብረው ይሆናሉ» አለችው። ሸሪፍ ወደ ቤቱ ሲሄድ እግሩ መሬት የሚነካ አልመሰለውም። መንገድ አጋምሶ ነው ነገሩ የታወሰው። ወፎቹ ሲመሽ የት እንደሚሄዱ አንድ ቀን እንኳ አይቶ አያውቅም።

እንዲያም ሆኖ በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ መቅደስን አስከትሎ ወጣ። ወፍ የሚወደው ጫካ ነው ብሎ አስቦ፣ ከተራራው ግርጌ ወዳለው የግራር ጥሻ መራት። እሾሁ ሱሪዋን ከሁለት ቦታ ቀደደው። ደርሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀመረች።

«ወፎቹስ ጋሼ?»

«ትንሽ ዘግይተው ይሆናል።»

ሁለት ቆቆች ከቁጥቋጦ ወጥተው ሮጡ። ቀጥሎ አንድ ቁራ መጣና ከፊታቸው ካለው ግራር ላይ ቁጭ ብሎ ያያቸው ጀመር።

«እሱ ነው?» አለች መቅደስ።

«ኧረ አይደለም። እነሱ… ዛሬ ተሰርዞ ይሆናል።»

«ጋሼ! ወፍ እኮ ነው! ወፍ በረራ አይሰርዝም!»

ሲመለሱ መቅደስ ሞተሯን አስነሥታ «ሰኞ ሌላ ሰው ብናገኝ ይሻላል» ብላ ሄደች። ሸሪፍ መግሪብ ሰግዶ እራቱ ሲቀርብለት አልበላ አለ። ሙሀባ ስትጠይቀው ሁሉንም ዘረገፈላት፤ እንዳላወቀ፣ እንደዋሸ፣ አውሮፕላኗ አምልጣው ልትሄድ እንደሆነ ነገራት።

ሙሀባ ከት ብላ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ።

«ሱብሃነላህ! ከእኛ ጣሪያ በላይ እኮ ነው የሚያልፉት! ውሃ ልቀዳ በወረድኩ ቁጥር አያቸዋለሁ። ከወንዙ መታጠፊያ ያለው ረጅም የፊላ ሣር ውስጥ ይገባሉ፤ ጫጫታቸው ጆሮ ያደነቁራል። አንተ አታውቅም?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰማይ ሰማይ ስታይ እነሱን የምታይ መስሎኝ!»

ሰኞ ጠዋት ራሷ ባጃጅ ተሳፍራ ሸዋ ሮቢት፣ መቅደስ ዘንድ ሄደች። ያን ዕለት ማታ መቅደስን ወንዙ ዳር አቆመቻት፤ ሰማዩ ጠቆረ፣ ግሪሳው እንደ ጎርፍ ፊላው ላይ ተደፋ፤ ፊላው ከክብደቱ ጎነበሰ። መቅደስ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ከዚያ ወረቀቷን አውጥታ «መሪ» ከሚለው ቃል ፊት የሸሪፍን ስም ሰርዛ «ወይዘሮ ሙሀባ» ብላ ጻፈች።

አውሮፕላኗ ሐሙስ መጣች። ከብት የሚውልበት ሜዳ ድንጋዩ ተለቅሞ ማረፊያ ሆኗል። ከብቱ እንዲርቅ፣ የንብ ቀፎው እንዲዘጋ፣ ሰውም ከተወጠረው ገመድ ወዲህ እንዲቆም ተነግሯል። ከገመዱ ወዲያ የሚገቡት የቡድኑ ሰዎችና መሪዋ ብቻ ናቸው። ሙሀባ አዲስ ሻሿን አስራ፣ የሰጧትን ብርቱካናማ ሰደርያ በቀሚሷ ላይ ደርባ ገመዱን አልፋ ገባች። ሸሪፍ ከሕዝቡ ጋር ቀረ። አንገቱን እንደ ሰጎን አስግጎ ቢያይ፣ ከዚያ ርቀት የሚታየው ቢጫ ሆድና የሚያብረቀርቅ ክንፍ ብቻ ነው። ወደ ሙሀባ ደወለ። እንደ ዕድል ሜዳው ላይ ኔትዎርክ ነበረ።

«ሙሀባ፣ የኔ እመቤት፣ ታርጋዋን አንብቢልኝ።»

«የፈረንጅ ፊደል ነው፤ እኔ የት አውቄው!»

«መልኩን ንገሪኝ እንጂ፣ እኔ አውቀዋለሁ።»

ሙሀባ ወደ አውሮፕላኗ ጭራ ተጠጋች። «የመጀመሪያው መንሽ ይመስላል። ሦስት ጥርስ አለው።»

«እሺ፣ እሺ!»

«ከዚያ ምሰሶ ላይ የተጋደመ እንጨት። ከዚያ ትንሽ ሰረዝ። ከዚያ… ድንኳን፤ ግን ወገቡን መቀነት ታጥቋል።»

ሸሪፍ የጋሽ ተክሌን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጎ ይጽፋል። «ቀጥዪ!»

«ሌላ ድንኳን። ይሄኛው መቀነት የለውም፣ ተገልብጧልም። የመጨረሻው እባብ ነው።»

«እባቡ የትኛው ነው? ፊደሉ ወይስ አምስት ቁጥር? ጭንቅላቱ ክብ ነው ወይስ ቀጥ ያለ?»

«እባብን ጭንቅላቱን ተጠግቶ የሚያይ ማን ነው?» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ከኋላዋ ሰው ሳቀ። አብራሪው ነበር፤ ለማ የሚባል፣ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ቀጭን ሰውዬ።

«ማን ነው እንዲህ የሚጨነቀው?»

«ባሌ ነው። የምታልፉትን ሁሉ ይጽፋል። እናንተስ እሱን ትጽፉታላችሁ?»

ለማ በሥራ ዘመኑ የአውሮፕላኑን ፊደል የሚጠይቅ የበረራ ተቆጣጣሪ እንጂ ገበሬ አጋጥሞት አያውቅም። «ሰውየውን ጥሩልኝ» አለ። መቅደስ ቅር ቅር ቢላትም ሄዳ ገመዱን ከፍ አደረገችለት።

ሸሪፍ ሦስት ዓመት ያጠራቀመው ጥያቄ ነበረው። ደርሶ ሲቆም አንዱም አልመጣለትም። በስልኩ ፎቶ ላይ የሚያውቃቸው ሁሉ የሚያበሩ ነጫጮች ናቸው፤ ይቺ ግን ቀለሟ ተልጧል፣ ክንፏ ሥር ተጠግኗል፣ መድኃኒት መድኃኒትም ትሸታለች። ዙሪያዋን ዞረ። ጎማዋን አየ።

«ጎማዋ የባጃጅ ያህል ናት» አለ በመጨረሻ።

«ትንሽ ትበልጣለች» አለ ለማ።

«በዕድሜስ?»

«እኔን ትበልጠኛለች። ሞተሯን ላስነሣልህ?»

ሞተሩ ሲነሣ ጥምጥሙ ተፈትቶ በረረ፣ አቧራው ዓይኑን ሞላው፣ ሽርጡን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ ተንደረደረ። ሕዝቡ ከገመዱ ወዲያ በሳቅ ሞተ። ጋሽ ተክሌ ኋላ ሲያወሩ፣ እንዲህ በደስታ የሚያለቅስ ሰው በሠርግ እንኳ አላየሁም ብለዋል። ሸሪፍ ግን አቧራው ነው ይላል።

አውሮፕላኗ ሁለት ማታ ፊላውን ረጨች፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዝቅ ብላ፣ ወንዙን ይዛ። በሦስተኛው ቀን የመጣው ግሪሳ በወንጭፍ የሚመለስ ሆነ። የሸሪፍ የምሥራቁ ጎን አልተመለሰም፤ የቀረው ግን ደህና አፈራ። መቅደስ የወረዳውን የምስጋና ወረቀት ለሙሀባ ራሷ አመጣችላት፤ ሙሀባም ከሳሎኑ መስተዋት ጎን ሰቀለችው። ሸሪፍ አሁንም አልፎ አልፎ ቆሞ ያነበዋል፤ ስሙን የሚፈልግ ይመስላል።

ለቀሩት ሳምንታት ሙሀባ አንድ ሥርዓት አወጣች። ዓይኗ ከእሱ ይሻላልና ማማው የእሷ ይሁን፤ እሱ ወንጭፉን ይዞ ከታች ይሩጥ። ስልኩም ኔትዎርክ ካለበት ቦታ አይወርድም። ሸሪፍ ተስማማ፤ ምርጫም አልነበረውም።

አንድ ረፋድ ማሽላው መሃል ቆሞ ሳለ አናቱ ላይ ከባድ ድምፅ መጣ። ያ የሐር ጨርቅ ድምፅ አይደለም፤ የወፍጮውም አይደለም። ሰምቶት የማያውቀው ነበር።

«ሙሀባ! ምንድናት?» ብሎ ጮኸ።

ሙሀባ ማማው ላይ ግንባሯን በእጇ ከልላ ወደ ላይ ታያለች። ስልኩን አየች። እንደገና ወደ ላይ አየች።

«ሙሀባ! ስንት ሞተር አላት?»

«በስተቀኝህ አረፉ! አንተ ወፍህን ጠብቅ!» አለችው፣ ዓይኗን ከሰማይ ሳትነቅል።