የአሥራ አምስት ደቂቃ ፎርፌ

ወንድሜ ዳኜ ሰዓት አክባሪ ነው። ቡራዩ ውስጥ ሰርግ ሲጠራ በካርዱ ላይ በተጻፈው ሰዓት የሚደርስ እሱ ብቻ ነው፤ ደርሶም ወንበር ሲደረድር ይውላል። በዚህ ስስቅበት ነው የኖርኩት። አሁን ግን አያስቀኝም።

ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ኮምፒውተር ቤት ነበረን፤ እሱ ይጠግናል፣ እኔ ኮፒ አነሳለሁ። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ልጆች በኢንተርኔት የኳስ ጨዋታ የሚጋጠሙበት የቴሌግራም ግሩፕ ነበራቸው። ውድድር ይጀምራሉ፣ አይጨርሱም። አንዱ መብራት ጠፋብኝ ይላል፣ ሌላው ሳስቀድስ ነበር ይላል፣ የተሸነፈው ደግሞ በኔትወርኩ ያሳብባል። ዳኜ ይህን ዝም ብሎ ማየት አልሆነለትም። በየከተማው መብራት መቼ መቼ እንደሚጠፋ ሁለት ወር ሙሉ መዘገበ፤ ማን ቅዳሜ ገበያ እንደሚውል፣ ማን እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ እየደወለ ጠየቀ። ከዚያ ሰንጠረዥ አወጣ። ከሥሩ ሁለት ሕግ ጻፈበት፦ አሥራ አምስት ደቂቃ ያረፈደ በፎርፌ ይሸነፋል፤ በጨዋታ ሰዓት የሁሉም ስልክ ለጥሪ ይዘጋል።

ሠራ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ውድድር በቀኑ አለቀ።

የሁለተኛው ውድድር ፍጻሜ የዋለው መስከረም 2009 መጨረሻ ላይ ነበር። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የተነሳው ተቃውሞ አገሩን አዳርሶ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋርጧል። ልጆቹ ይራዘም አሉ። ዳኜ አንዴ ከተራዘመ እንደ ድሮው ይበላሻል ብሎ ፈራ፤ እኛ ቤት ሁለት ኮምፒውተር በገመድ አገናኝቶ ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት እንዲጫወቱ ወሰነ። ተጋጣሚዎቹ የሱሉልታው ዋቆና ሞቱማ ነበሩ። ሞቱማ ሰበታ አጠገብ ባለችው ዓለም ገና የሚኖር የገበሬ ልጅ ነው፤ ሲያሸንፍ ተጋጣሚውን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት። ከጨዋታው በኋላ እኛ ጋ እንዲያድር ከዳኜ ጋር ተነጋግረው ፍራሽ አንጥፌለት ነበር።

ዋቆ ከዋዜማው መጥቶ አደረ። ሦስት ሰዓት ላይ ዳኜ የራሱንም ጨምሮ ስልኮቹን ዘግቶ ካርቶን ውስጥ ከተተ። አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ወደ እኔ ዞሮ ጻፊ አለኝ። ትንሽ እንጠብቅ አልኩት። ሰዓቱን አሳየኝ፤ እኔም ሰሌዳው ላይ “ሞቱማ፦ ፎርፌ” ብዬ ጻፍኩ።

ሞቱማ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። “አካም ቡልተን” ብሎ በኦሮምኛ እንደምን አደራችሁ እያለ ሁላችንንም ጨበጠን። ታክሲ ስላልነበረ በወጨጫ ተራራ ሥር በእግሩ ነው የመጣው። ዋቆ የተሰጠውን ዋንጫ ጠረጴዛው ላይ መልሶ እንጫወት አለ።

“ሕግ ነው፣ ሞቱማ” አለ ዳኜ። “ዛሬ ላንተ ካፈረስኩት ነገ ለሁሉም ማፍረሴ ነው።”

ሞቱማ ሰሌዳውን አየ። “ሰንጠረዥህ መብራቱንም ቅዳሴውንም ያውቃል” አለ ቀስ ብሎ። “መንገዱን ነው የረሳኸው።”

ቢያንስ እደር ብለን ለመንነው። እናቴ ትጠብቀኛለች ብሎ ውሃ ጠጥቶ ወጣ።

ካርቶኑ ሲከፈት በዳኜ ስልክ ላይ ሞቱማ ሦስት ጊዜ እንደደወለ የሚገልጽ መልእክት ገባ፤ የመጀመሪያው ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የተደወለ ነው። ዳኜ እስከ አሸዋ ሜዳ ሮጠ፣ አላገኘውም።

እሁድ ከሰዓት እናቱ ወይዘሮ ድንቅቱ ደወሉ። “እናንተ ጋ ያድራል ብሎኝ ነበር” አሉ። “እስካሁን ምነው ቆየ?”

ዳኜ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። እናቱ እንዳልጠበቁት ያወቅነው ያኔ ነው።

ቅዳሜ ሲመለስ ከመንገድ ታፍሶ ነበር። ከአራት ወር በኋላ ተፈታ። ዳኜ ዓለም ገና ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው፤ ቤተሰቡ እርጎ ቀዱለት፣ መንገድ ድረስም ሸኙት። ሞቱማ ስለ ጨዋታ አንድም ቃል አላነሳም፤ ከዚያ ወዲህም ተጫውቶ አያውቅም።

ዛሬ በዳኜ ሰንጠረዥ ላይ ፎርፌ የሚባል ነገር የለም፤ ስልኩንም አይዘጋም። ሰው ሲያረፍድ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሁሉም በእሱ ላይ ይፈርዳሉ። እኔ ግን እንጠብቅ ያልኩት አንዴ ብቻ ነው። ዳኜን አውቀዋለሁ፤ ሁለተኛ ብደግመው ኖሮ ይሰማኝ ነበር።