ከመፋቁ በፊት የሚንኳኳ በር

ያረፉት አጎቴ ቀለም ቀቢ ነበሩ። አንዋር መስጊድ ሰፈር ያረጀ ቤት ለማደስ ሲሄዱ መጀመሪያ የጎረቤቱን በር ሁሉ ያንኳኳሉ።

«ልብስ ከገመድ አውርዱ፤ መስኮት ዝጉ፤ ልጆቹን አስገቡ» ይላሉ።

ከዚያ ላስቲክ አንጥፈው አሮጌውን ቀለም በውሃ እያራሱ ቀስ ብለው ይፍቃሉ። «የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባል ማዕድን አለበት፤ አቧራው መርዝ ነው» ይሉኝ ነበር። የቀለሙን ፍርፋሪ ጠቅልለው ሳያስሩና እጃቸውን ሳይታጠቡ ምግብ አይቀምሱም። እኔ ደግሞ «ቀለም ቀቢ ነዎት ወይስ ቤት አጣቢ?» እያልኩ እቀልድባቸው ነበር።

አርባቸው ሲደርስ ብዙ ሰው ስለሚመጣ የቤታቸውን ፊት የሚቀባ ሠራተኛ ቀጠርኩ። ቶሎ ጨርስ ያልኩትም እኔ ነኝ።

ትናንት ስደርስ ሠራተኛው የጥንቱን የእንጨት መስኮት በማሽን፣ በደረቁ እየፋቀው ነው። ግቢው አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ለአርባቸው የተሰጣው በርበሬ እንኳ ከዱቄቱ አልተረፈም። ጎረቤታችን እትዬ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የሕፃኗ ልብስ ከበላያቸው ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

ማሽኑን አስጠፋሁና «እትዬ፣ ምነው ወደ ቤት አልገቡም?» አልኳቸው።

የልጅቷን ፊት በነጠላቸው እየጠረጉ ቀና ብለው አዩኝ።

«ማን አንኳኳልንና?»