ወንድሜን በሰው አገር ውሃ ስጠራው

ከባሕር ዳር የወጣሁት ጀምበር ስትጠልቅ፣ በደንገል ታንኳ ነው። ታንኳዋ ከቀዛፊው ሌላ ከአንድ ሰው በላይ አትችልም። ሊያስሩን የሚያሳድዱን ቀበሌዎች ይበልጥ የሚፈልጉት ታላቅ ወንድሜን አበጀን ነበር፤ እሱ ግን እኔን አስቀደመ። እስከ ጉልበቱ ውሃ ገብቶ ገፋንና "ሂጂ፣ በሚመጣው ቅዳሜ እደርስብሻለሁ" አለኝ። ዞር ስል አሁንም እዚያው ቆሞ ነበር።

ስንቱ ቅዳሜ አለፈ። በቆላ ድባ፣ በመተማ አድርጌ ካርቱም፣ ከዚያ አውስትራሊያ ገባሁ። ሙቀቱ የመተማን ያስንቃል ብላችሁ አታምኑኝም። የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ "ወንድምሽ በሕይወት አለ?" አለኝ።

"አዎ።"

"በምን አወቅሽ?"

"መሞቱን ማን ነገረኝ?"

ሰውዬው ብዕሩን አስቀምጦ ሻይ ሊያመጣልኝ ተነሣ። እነዚህ ሰዎች ሲጨንቃቸው ሻይ ነው፤ ያውም በወተት፣ በጾም።

አንድ ቀን እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን ሰዎች አቦርጂኖች አገር ወሰዱን፤ ነጮቹ ሳይመጡ የነበሩት የምድሩ ባለቤቶች ናቸው። የተቀበሉንን ባልቴት ሁሉም "አንቲ" ይላቸዋል፣ እኛ እትዬ እንደምንለው። ሐይቁ ዳር አስቆሙንና እንግዳ መምጣቱን ጮክ ብለው ለሞቱት አያቶቻቸው ነገሩ። ከዚያ ውሃው ጠረናችንን እንዲያውቅ ብለው በመዳፋቸው እየዘገኑ ራስ ራሳችን ላይ አፈሰሱ። እኔ ጠበል መስሎኝ አማተብሁ።

"ማን መሆንሽን ይወቁ፤ ዘመዶችሽን ጥሪ" አሉኝ።

እንደ አገሬ ደንብ ከሟቹ አባቴ ጀመርሁ። አንቲ አፌን በእጃቸው ያዙት። የሞተ ሰው በስሙ አይጠራም፣ ነፍሱ ዕረፍት ታጣለች አሉኝ። እኛ ጋ ደግሞ የሟቹን ስም እየጠራ ያላለቀሰ ሰው ይታማል።

"ሌላስ ማን አለሽ?"

"ወንድም።"

"በሕይወት አለ?"

ስሙን ብተወው በገዛ አፌ ገደልሁት። ሞቶ ከሆነ ደግሞ በሰው አገር ነፍሱን ልረብሽ ነው። "አለ" አልሁና ስሙን ነገርኋቸው። አንቲ ዐይን ዐይኔን አዩ። ከዚያ ወደ ውሃው ዞረው፣ በሚሰባበር ምላሳቸው "አበጀ" ብለው ተጣሩ።

በሳምንቱ እናቴ ባሕር ዳር ቴሌ መጥታ እንድትጠብቀኝ በሰው መልእክት ልኬባት ደወልሁላት። እዚያ በስልክ ሲያወሩ ግድግዳውም ይሰማል።

"እንደምን ሰነበትሽ ልጄ?"

"ደኅና ነኝ እማ። እናንተስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አጎትሽ ደኅና ነው። አክስትሽ ደኅና ናት። ጎረቤቱም ሁሉ ይጠይቅሻል።"

ጠብቄ ጠብቄ አልሆነልኝም።

"አበጀስ?"

"ጎረቤቱም ሁሉ ይጠይቅሻል" አለችኝ ደግማ። ከኋላዋ ሰው ያስላል። የሚሰማውን ጆሮ ፈርታ ይሁን፣ መርዶ በስልክ አይነገርም ብላ፣ አላወቅሁም።

"እማ፣ ምንም አትንገሪኝ። ካለ ስሙን ብቻ ጥሪልኝ።"

ትንፋሿ ይሰማኛል።

"እዚያ ብርድ አለ ወይ ልጄ?" አለችኝ።