ጎባጣው ጊታር

ጆሮዬ መክዳት የጀመረው ከቀጭኖቹ ክሮች ነው። ፀጉሬ የሸበተው ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ጊታር ስመታ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስፒከር አጠገብ ቆሜ፣ በመጨረሻ የወፍ ድምፅና የስልክ ጥሪ ጠፋብኝ። ሰው ፊት ለፊት ሲያናግረኝ እሰማለሁ፤ ቀጭን ድምፅ ግን የለም። ሐኪሙ፣ ልጄ የሚሆን ሰው፣ "የነርቭ ነው፣ የሄደው አይመለስም፤ ከጩኸት ይራቁ" አለኝ። ከጩኸት ርቄ ምን ልብላ? ለሚስቴም ለባንዱም አልተናገርኩም። ባንዱ ካወቀ በማግስቱ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ይቆማል፤ እኔም ብሆን የማደርገው ያንኑ ነው።

ያን ሰሞን ነው ጎባጣ ጊታር ያማረኝ። ፊቱ እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ላይ የተጠማዘዘ ቀዳዳ ያለው፣ ሆዱ ባዶ የሆነ፣ የድሮ ጃዝ ተጫዋቾች የሚይዙት ዓይነት። የኔው ድፍን ጣውላ ነው፤ ስፒከሩ ካልነገረኝ እሱ ምንም አይነግረኝም። ባዶው ግን ደረት ላይ ሲያስጠጉት ይንዘፈዘፋል። ጆሮዬ ያጣውን አጥንቴ ይሰማልኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። አዲስ አበባ ያለውን ዋጋ ጠየቅኩና እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

እዚሁ ከተማ ውስጥ አንድ እንዳለ የነገረኝ የባንዳችን ቤዝ ተጫዋች ነው፣ የልብ ጓደኛዬ። ታቦር ሰፈር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ፣ ዱሮ ዘፋኝ ያጅቡ የነበሩ፣ ጌታን ከተቀበሉ ወዲህ ጊታሩን አልጋ ስር ከትተውታል። እኔ ዋጋ መከራከር አልችልበትም፤ የወደድኩት ነገር ፊቴ ላይ ያስታውቃል። ስለዚህ ተመካከርን፤ እኔ እመታለሁ፣ እሱ ያጣጥላል። ዕቃ ሳያጣጥል የሚገዛ ሰው መቼም አላየሁም።

ሽማግሌው በራፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው አስቀመጡንና ጊታሩን በአንሶላ እንደተጠቀለለ አመጡልኝ። ቃኘሁት፣ ደረቴ ላይ አስደግፌ መታሁት። ወፍራሙ ክር የጎድን አጥንቴ ውስጥ ገባ። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ወደ ቀጭኖቹ ወረድኩና አንድ የድሮ ዜማ ጀመርኩ።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ታሟል" አለ ጓደኛዬ፣ እጄን ያዝ አድርጎ። "ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ይመስል ዝዝ ይላል። አንገቱ ሳይጣመም አልቀረም።"

ሽማግሌው አልተከራከሩም። አንገታቸውን ደፍተው "እንግዲህ ብዙ ዘመን ተኝቷል" አሉና የጠሩትን ዋጋ ራሳቸው በግማሽ ቀነሱ። ጓደኛዬ አሁንም "ተው፣ ይቅርብህ" እያለ በክርኑ ይጎሽመኛል። ይሄ ጓደኛዬ ተዋናይ መሆን ነበረበት አልኩ በሆዴ። ከፈልኩ። ሽማግሌውም "ለመዝሙር ያድርግልህ" ብለው መረቁኝ።

ቁልቁለቱን በእግራችን ስንወርድ ያ የተደፋ አንገታቸው ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ንዴቴ መጣ።

"ስማ" አልኩት፣ "ማጣጣል ሌላ፣ ውሸት ሌላ። የአባትህን እኩያ እንዲህ ታሳፍራለህ? እንከን የሌለው ጊታር! ተመልሼ ቀሪውን እሰጣቸዋለሁ።"

ቆመ። "የቱ ነው እንከን የሌለው?"

"ይሄ ነዋ።"

ከእጄ ተቀበለኝ፣ አንሶላውን ገለጠና ቀጭኑን ክር መታ። ደግሞ መታ። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ቀና ብላ ፊቷን አጨማደደች። እኔ የሰማሁት ደብዘዝ ያለ ድምፅ ነው፤ ምንም ዝንብ የለበትም።

"አልዋሸሁም እኮ" አለኝ። ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ቃሉን እያንዳንዱን ረጋ አድርጎ ነው የሚናገረው። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። "ቆየ" አልኩት።

ጊታሩን መልሶ ጠቀለለና ራሱ ያዘው። ጥቂት ሄድን።

"ከቃና ወጣ ብለው የባንዱ ልጆች ሲያሙህ፣ ክሩ አርጅቶ ነው ብዬ ስጣላቸው ነው የከረምኩት" አለኝ። "አሁን ምን ልበላቸው?"

ልለምነው አፌን ከፈትኩ። እስከሚመጣው በዓል ብቻ ደብቅልኝ፣ ልለው ነበር። ግን በኔ ምክንያት ስንት ሰው እንደተጣላ አላውቅም፤ ሁሉም የተባለው አጠገቤ ነው፣ እኔ ግን አልሰማሁም።

"ንገራቸው" አልኩት። "እኔ በሌለሁበት ንገራቸው። የሚሉኝን ፊታቸው ላይ ማንበብ አልፈልግም።"