ለአንድ ሰው የአንድ ሰው

ሰሞኑን ቆሰበር ላይ ለፋርማሲ ባለሙያዎች በተሰጠ ሥልጠና ተቀምጬ ነበር። አሠልጣኙ «ወረርሽኝ ሲመጣ መድኃኒት በምን ደንብ ይሸጣል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት «በማዘዣ፣ ለአንድ በሽተኛ የአንድ ሰው ብቻ» አለች። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም።

ኮሮና የገባ ዓመት ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነበር፤ ዳንግላ፣ ጋሽ እንድሪስ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬያለሁ። የወባ ክኒን ኮሮናን ይፈውሳል የሚል ወሬ ተነዛና ወባ አይተው የማያውቁ ደገኞች ሳይቀሩ በካርቶን ካልገዛን አሉ። ማስክ ያደረገውም ያላደረገውም እየተጋፋ «እህቴ፣ ለክፉ ቀን» ይለኛል። ለክፉ ቀን እያሉ ክፉ ቀን የደረሰበትን ሰው መድኃኒት ሊወስዱ! ብዙም ሳይቆይ ደንቡ ወጣ፤ ያለ ማዘዣ አይሸጥም፣ በአንድ ማዘዣም የአንድ ሰው ብቻ። ጋሽ እንድሪስ ነጋዴ ወዳጃቸውን በባዶ እጁ ሲሸኙት አይቼ ኮራሁባቸው።

ሰኔ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ጋሽ ሙሄ መጡ። በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው ጃዊ ቆላ የከተሙ ገበሬ ናቸው። በእነሱ መንደር ከተማ የሚወጣ ሰው የጎረቤቱን ሁሉ ጉዳይ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ጨውም ይሁን ባትሪ፣ መድኃኒትም። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነበር። በፌስታል የያዙት ማንጎ ሽታው ቤቱን ሞላው።

«የመንደሩን ልጆች ወባ ጥሏቸዋል» አሉኝ። በእጃቸው የነበረው ግን የልጃቸው የከድጃ ማዘዣ ብቻ ነው። ሌሎቹ የታመሙት ጤና ኬላው መመርመሪያ ከጨረሰ በኋላ ነበርና ማዘዣ አልተጻፈላቸውም።

ደንቡን ነግሬ የከድጃን ብቻ ሰጠኋቸው። አልተቆጡም።

«ግድ የለም ልጄ፣ እንካፈለዋለን።»

ደነገጥኩ። «እንዳያደርጉት ጋሽ ሙሄ። ቢካፈሉት ማንንም አያድንም። አንድ ልጅ ነው እስከ መጨረሻው የሚውጠው።»

ክኒኑን አገላበጡት። «እንግዲያ የማንን ልጅ ነው የማድነው?»

«ማዘዣው የከድጃ ነው» አልኩ። ጋሪ ተሳፍረው ወደ መነኻሪያው ሄዱ።

በሚቀጥለው ገበያ ተመለሱ። መመርመሪያ መጥቶ ኖሮ የየልጁን ማዘዣ ይዘዋል። ለሁሉም ሰጠኋቸው።

«ከድጃስ?»

«አፈር አለበስናት።»

ያን ክኒን መንደሩ መክሮ በጣም ለጠናበት ልጅ ሰጥቶታል፤ ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው አንድያ ልጅ ነው። ዳነ። ከድጃን በጊዜው ሻል ብሏት ነበር፣ ድንገት ባሰባት።

«ተልኬ ወጥቼ የራሴን ብቻ ይዤ እንዴት እገባለሁ?» አሉኝ።

አለቀስኩ። ማስኬ ረጠበ። እስክረጋጋ ቆመው ጠበቁኝ።

«ደንቡ አሁንም አለ?»

«አለ።»

«ይኑር። እሱ ባይኖር ያችም ክኒን አትቆየንም ነበር።»

ደንቡ ልክ ነበር። መደርደሪያችን ባዶ ሳይሆን ያን ክረምት ያለፍነው በእሱ ነው፤ ዛሬም ብጠየቅ ይህንኑ እመልሳለሁ። ግን አፌ ላይ ይከብደኛል። ልክ ነው ለማለት መብት ያላቸው ጋሽ ሙሄ ይመስሉኛል፤ እሳቸውም ልጃቸውን ቀብረው መጥተው ብለውታል።